መነጽር ከመግዛታችን በፊት ስኳራችንን እንለካ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምጽፈው የወርኃዊ መዋጮ ቀን፣ የቀብር ሰዓት፣ የቀሪዎች ቅጣትና የድንኳን ነገር ነው። ዛሬ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ወስጄ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ዓይን ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። «ጸሐፊው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን የአባላቱን መዝገብ የምይዘው እኔ በመሆኔ፣ የታመመ ሰው ጥየቃ ሲኬድም ስለማልቀር፣ በዚህ ሰፈር ስንት ሰው «ስኳር አለብኝ» እንደሚል፣ ከነዚሁም ውስጥ ስንቱ «ዓይኔም እየደከመ ነው» እንደሚል በጆሮዬ እሰማለሁ። ያልገባኝን የጤና ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ ተረድቻለሁ። የተረዳሁትን ይዤ ዝም ማለት ደግሞ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ለእኛ ለሽሮ ሜዳና ለአካባቢው ሰዎች ዓይን ማለት እንጀራ ነው። ሸማኔው ድርና ማጉን የሚለየው፣ የጥለቱን ክር የሚቆጥረው በዓይኑ ነው። ጥልፍ ጠላፊዋም፣ ፈታይዋም፣ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪም፣ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ የሚመላለሰው ሾፌርም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑ ዛሬ ጥርት ብሎለት ነገ ጭጋግ ሲለብስበት ጉዳዩ የጤና ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ደብተር ጉዳይ ነው።

አንድ ሸማኔ ጎረቤታችንን እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ታሪኩ እንዲጻፍ ግን እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል። ከትንሣኤ በዓል በፊት ትእዛዝ በዝቶባቸው በነበረ ጊዜ የአውቶቡስ ቁጥር ከሩቅ ማንበብ አቃታቸው። የሚገርመው ግን የቅርቡ ጠርቶላቸው ነበር። «ድሮ ለክር መነጽር እፈልግ ነበር፤ አሁን ያለ መነጽር አያለሁ፤ እግዚአብሔር ዓይኔን መለሰልኝ» እያሉ ለሰው ሲያወሩ እኔም ሰምቻለሁ። ለሩቁ ብለው ከመንገድ ላይ አንድ መነጽር ገዙ። ትንሽ ቆይቶ የውኃ ጥሙና የሽንቱ መመላለስ ሲበረታባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ስኳራቸው ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረላቸው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ የቅርቡ ክር ደበዘዘባቸው፣ ያ የገዙት መነጽርም የማይረባ ሆነ። «መድኃኒቱ ዓይኔን አጠፋው» ብለው መድኃኒቱን አቋረጡ፤ ሌላ መነጽርም ገዙ። ስኳሩ ተመልሶ ወጣ፤ ሁለተኛውም መነጽር እንዲሁ ከንቱ ሆነ። ሁለት መነጽር ተገዝቶ፣ መድኃኒት ተቋርጦ፣ ትእዛዙም ለባለቤቱ ሳይደርስ በዓሉ አለፈ።

እንግዲህ ይኼ ነገር ከየት መጣ? ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። በዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ኋላ፣ ብርሃንን የሚሰበስብ አንድ ጥርት ያለ አካል አለ፤ ሌንስ ይባላል። ሌንስ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው፤ ቅርጹም በእርግጥ የምስር ፍሬ ይመስላል። ይህ ምስር የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። በደማችን ውስጥ ስኳር ሲበዛ በዚያ ፈሳሽ ውስጥም ይበዛል። ስኳሩ ወደ ሌንሱ ይገባል፣ ከፊሉም ሶርቢቶል ወደሚባል ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጣል። ሶርቢቶል እንደገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። ውኃ ውስጥ ያደረ ምስር እንዴት እንደሚያብጥ የማታውቅ እናት የለችም። ሌንሱም እንዲሁ ያብጣል፣ ቅርጹ ይለወጣል፣ የብርሃኑም አሰባሰብ ይዛባል። በብዙ ሰው ላይ ስኳር ሲወጣ የሩቁ ይደበዝዛል፤ ስኳር በሕክምና ፈጥኖ ሲወርድ ደግሞ የቅርቡ ይደበዝዛል። ውኃው የሚወጣው እንደ ስኳሩ በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው በድንገት «ያለ መነጽር ማንበብ ጀመርኩ» ሲል እልል ከማለት በፊት ስኳሩን ማስለካት ይገባዋል። የዓይን ሞራ ሲጀምርም እንዲህ ያለ ነገር ስለሚያጋጥም በሁለቱም በኩል ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መድኃኒት በጀመሩ ሰሞን የሚመጣው ብዥታ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ እየጎዳ ነው ማለት አይደለም፤ ሌንሱ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱን ማቋረጥ የጀመሩትን መንገድ አጋማሽ ላይ ትቶ እንደገና ከታች መነሣት ነው። ጎረቤታችንም ይህን ነርሷ ካስረዳቻቸው በኋላ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ፣ ስኳራቸው ረግቶ አንድ ወር ተኩል ያህል ታገሡ፣ ከዚያ ዓይናቸው ተለካ። አሁን የሚሠሩት በዚያው በአንድ መነጽር ነው።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሳይረጋ መነጽር አይግዛ። ባለሙያዎቹ የሚሉት ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስኳሩ ሳይዋዥቅ ከቆየ በኋላ ይለካ ነው። መነጽር ሻጮችንም ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱም እንጀራቸው ነው፤ ግን መነጽር ከመሸጥ በፊት «ስኳር አለብህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? አንድ ቃል እኮ ናት! የምትጠይቅ አንዲት ባለሱቅ አውቃለሁ፤ ደንበኛ አልቀነሰባትም።

ስኳር ሲበዛ ብቻ አይደለም፣ ሲያንስም ዓይን ይደበዝዛል። የስኳር መጠን ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ አንጎልና ዓይን የሚሠሩበትን ያጣሉ። ሰውየው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ ንግግሩም ይዘባረቃል። ይህ የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ኢንሱሊን ለሚወጉና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል ለሚወስዱ፣ ምግብ ሲያልፋቸው ነው። ባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄም ያመጣዋል። ታዲያ እንዲህ የሆነን ሰው መንገድ ላይ «ሰክሯል» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። እባካችሁ አትለፉ። ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መስጠት ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ትን ይለዋል፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

የጾም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ቆይቶ ጠዋት የተዋጠው መድኃኒት ስኳሩን ሲያወርደው ይውላል፤ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ በረሃብ ብዛት እንጀራው ይደራረባል፣ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። በረመዳንም በኢፍጣር ሰዓት ያው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ቆላና ደጋ ማለት ይህ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ መንገድ አላቸው፤ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር፣ ከሐኪምም ጋር ጾሙ ሳይገባ መመካከር እንጂ፣ መድኃኒትን በራስ ሥልጣን መቀነስም ሆነ መተው አይገባም።

እስከ አሁን የተናገርኩት የሚመለሰውን ብዥታ ነው። ከዚህ የሚከፋው የማይመለሰው ነው። በዓይን ውስጥ በስተኋላ በኩል ሬቲና የሚባል ስስ መጋረጃ አለ፤ የምናየው ነገር የሚሣለው እዚያ ላይ ነው። ይህን መጋረጃ የሚመግቡት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ግድግዳቸው ይላላል፣ ያፈስሳል፣ አንዳንዱም ይደፈናል። ዓይንም ምግብ ሲያጥረው አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል፤ እነዚህ ግን ልፍስፍስ ስለሆኑ በቀላሉ ይፈነዳሉ፣ ደም በዓይን ውስጥ ይፈስሳል፣ መጋረጃውንም ስበው ሊገነጥሉት ይችላሉ። የደም ግፊት ካለበት ደግሞ ይብሳል፤ ሲጋራም ያባብሳል።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ዝምታው ነው። አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይንን አያቀላም። በአገራችን የዓይን በሽታ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ትራኮማና የዓይን ሞራ ነው፤ ምክንያትም አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ የግማሹ ያህል መንሥኤ የዓይን ሞራ ነበር። ሞራውን ጎረቤትም ያየዋል፤ ብሌኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሬቲናን ጉዳት ግን ባለቤቱም አያየውም፤ የሚያየው ብሌን በሚከፍት ጠብታ ውስጡን የሚመረምር ባለሙያ ብቻ ነው። ሰውየው «እኔ በደንብ አያለሁ» እያለ ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በሌዘር፣ በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌና በቀዶ ጥገና የቀረውን ማዳን ይቻላል፤ የጠፋውን መመለስ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም። ለዚህ ነው በየዓመቱ መታየት የሚያስፈልገው። በጉልምስና የሚመጣው ዓይነት ስኳር የተገኘበት ሰው፣ በሽታው ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በታወቀበት ጊዜ ወዲያው ዓይኑን ይታይ። በወጣትነቱ ኢንሱሊን የጀመረ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታይ። ስኳር እያለባት ያረገዘች እናት ደግሞ አንድ ዓመት ድረስ አትጠብቅ፤ በእርግዝና ጊዜ ጉዳቱ ሊፋጠን ይችላል።

«ስኳር ይዞኝ ከዚህ በኋላ ምን አመጣለሁ፣ የአምላክ ፈቃድ ነው» የሚሉ አሉ። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ለዓመታት ተከትለው የተጠኑበት ሥራ ውጤቱ በ1993 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወጥቷል። ዓይናቸው ገና ካልተነካው መካከል ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት፣ እንደ ወትሮው ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የሬቲና ጉዳት የመጀመር ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከኢንሱሊን በፊት እኮ በወጣትነት የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር፤ መድኃኒቱ በቶሮንቶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ የተሰጠው በጥር 1914 ዓ.ም. ነው። እኛ ዛሬ ያንኑ መድኃኒት ኪሳችን ውስጥ ይዘን ነው የምናቅማማው። (መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ውኃ ባለበት ሸክላ አጠገብ፣ ፀሐይና እሳት በማይደርስበት ቦታ ያኑር። የቀጨኔ ሸክላ ለዚህም ይሆናል።)

ጠበልን በሚመለከት በጥንቃቄ ልናገር። ከእንጦጦ ሥር ተቀምጦ የጠበልን ነገር የሚያቃልል ሰው የለም፣ እኔም አላቃልልም። ነገር ግን ጠበል ገባሁ ብሎ መድኃኒት መተው ሌላ ነገር ነው። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለስኳርም የሚሠራው ያው ነው። ሽፈራውም ቢሆን መልካም ጎመን ነው፤ የጋሞ ወንድሞቻችን ሲበሉት ኖረዋል፤ የመድኃኒትን ቦታ ግን አይተካም። «ማር ተፈጥሮ ነው፣ ጤፍም ስኳር የለውም» የሚለውም ስሕተት ነው። ማርም ስኳር ነው፤ እንጀራም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። አትብሉ አልተባለም፤ መጠኑን መቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት፣ ከምግብ በኋላ ትንሽ ዳገት መውጣት ነው። ዳገት ደግሞ በጉለሌ አልጠፋም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኔ እንደማየው ስኳር ያለበት ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚቸገረው በእኛው ድንኳን ውስጥ ነው። ልቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጦ የሚቀርብለት ሻይ ገና ከማንቆርቆሪያው በስኳር የጣፈጠ ነው። «ያለ ስኳር» ቢል ኩራት ይመስላል። እዝን ይዛ የመጣች ሁሉ «በሞቴ» ብላ ታጎርሳለች፤ በቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ መነሣት ነውር ነው። አንዲት እናታችን «እንቢ ከማለት መታመም ይቀለኛል» ብለውኛል። ይህን የፈጠርነው እኛ ነን። ከእንግዲህ በማኅበሩ ድንኳን ሻይ ያለ ስኳር ይፈላ፣ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጪውም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሁለተኛው ሐሳቤ ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ክርክር እንደሚያስነሣ አውቃለሁ። ማኅበሩ አንድ የስኳር መለኪያ ማሽን ከነመርፌውና ከነስትሪፑ ይግዛ፤ ከአባላቱ መካከል ነርስ የሆኑት ፈቃደኛ ሆነው በወር አንድ ቀን ይለኩ። መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት ሲለካ ከ100 በታች ደኅና ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በድጋሚ ይመርመር። ስኳር ላለባቸው አባላት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ መኪና ተከራይተን ለዓይን ምርመራ እንውሰዳቸው። የጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድና የጤና መድን ያለው ደብተሩን አለመርሳት ነው። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ዓይን ስለሚያደበዝዝ ብቻን ሄዶ ብቻን መመለስ ያስቸግራል። አንዳንዱ ሰው ምርመራውን የሚተወውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚይዘው የለውም። አንድ መኪናና ሁለት ወጣቶች ይህን ችግር ይፈቱታል።

«ማኅበሩ የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። የገንዘቡ ጠባቂዎች በመሆናቸውም ጥንቃቄያቸው ልክ ነው። ግን የኤች አይ ቪ ዘመን ሲመጣ ስንቱ የአዲስ አበባ ዕድር ደንቡን አሻሽሎ የታመመ ረዳ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን አስተማረ። ደንብ የምናወጣው እኛ ነን፤ የምናሻሽለውም እኛ ነን። ዓይኑን ያጣ ሸማኔ መዋጮ መክፈል እንደሚያቅተው፣ ቤተሰቡም በማኅበሩ እጅ እንደሚወድቅ ገንዘብ ያዣችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል የሚፈጥን እጅ፣ ለቆመ ሰው የመኪና ኪራይ ሲሆን ለምን እንደሚታጠፍ ግን አይገባኝም።

ሁለቱም ሐሳቦች በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባሉ፤ የሚቀር ሰው እንደተለመደው ይቀጣል። የዓይን ምርመራ የሚፈልጉ አባላት ከስብሰባው በፊት ስማቸውን ለእኔ በቃል ይንገሩኝ። ዝርዝሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፣ ለሌላም አይነገርም። ወደ ማኅበሩ ቤት መምጣት የማይመቸው ካለ በልጅ ይላክብኝ፤ ቤቱ ድረስ እመጣለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ